ስለ ጨውና ስለ ደም ብዛት

በ1937 ዓ.ም. የካቲት 6 ቀን ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በስዊዝ ቦይ መካከል በሚገኘው በታላቁ መራራ ሐይቅ ላይ ቆሞ በነበረ በአንድ የአሜሪካ የጦር መርከብ ውስጥ ከፕሬዚደንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት ጋራ ተገናኝተው ስለ አገራቸው ጉዳይ ተነጋገሩ። ፕሬዚደንቱ ከያልታ ጉባኤ ወደ አገራቸው ሲመለሱ ነበር። በዚያ ሰሞን የተነሡትን ፎቶግራፍ የሚመለከት ሰው ፊታቸው ከስቶ፥ ዓይናቸው ጠልቆ ያያል። ከዚህም በኋላ ሁለት ወር ሳይሞላ፥ ሚያዝያ 4 ቀን፥ ዎርም ስፕሪንግስ በምትባል ስፍራ ተቀምጠው ሳሉ ራሳቸውን በብርቱ እንዳመማቸው ተናግረው ወዲያው ተዝለፈለፉ፤ በጥቂት ሰዓትም ውስጥ ዐረፉ። በአንጎላቸው ውስጥ ደም ፈስሶ ነበር። ዕድሜያቸው 63 ዓመት ነበረ።

ዓለም ይህን ዜና እንደ ድንገተኛ ሞት ሰማው። ነገር ግን ድንገተኛ አልነበረም። የልብ ሐኪም የነበረው ሐዋርድ ብሩን ከአንድ ዓመት በፊት፥ በመጋቢት ወር 1936 ዓ.ም.፥ ፕሬዚደንቱን መርምሮ ልባቸው እንደ ሰፋ፥ የደማቸውም ግፊት 186 በ108 እንደ ደረሰ አግኝቶ ነበር። ከዚያም ሦስት ዓመት ያህል አስቀድሞ 188 በ105 ሆኖ ተመዝግቦአል። በሞቱበት ቀን ግን ትልቁ ቍጥር ከ300 አልፎ፥ ትንሹ 190 ደርሶ ተገኘ። ይህን ሁሉ ብሩን ራሱ ከ25 ዓመት በኋላ ጽፎ እስኪገልጠው ድረስ ሕዝቡ አላወቀም፤ የቤተ መንግሥቱ ሐኪም ፕሬዚደንቱ ደኅና ናቸው እያለ ይናገር ነበርና።

ብሩን ያዘዘው ምን ነበር? ለልብ የሚሆን ዲጂታሊስ የተባለ መድኃኒት፥ ዕረፍት፥ ሲጋራ መቀነስ፥ ጨው የቀነሰ ምግብ። ግፊቱን ራሱን በደኅና ዝቅ የሚያደርግ መድኃኒት ገና አልተገኘም ነበር። እንግዲህ በዘመኑ እጅግ ኀያል ለነበረው ሰው ከቀረቡት ምክሮች አንዱ፥ ዛሬ በየድኻው ቤት ያለ ገንዘብ ሊፈጸም የሚችል ነው። ይህ ምክር ከወዴት እንደ መጣና ስለ ምን ዘግይቶ እንደ ታመነ ለክቡራን አንባቢዎቻችን ልናስረዳ ወደድን። ከዚህ በታች የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ነው።

ሕዝባችን ይህን ሕመም ደም ብዛት ይለዋል፤ የተማሩት ደግሞ የደም ግፊት ይሉታል። በሁለቱም ስም ውስጥ እውነት አለ። ልብ ደምን በምትረጭበት ጊዜ ደሙ የደም ሥርን ግድግዳ የሚገፋበት ኀይል ግፊት ይባላል። ትልቁ ቍጥር ልብ ስትኰማተር፥ ትንሹም ስታርፍ ያለው ግፊት ነው። 140 በ90 ከሆነና ከዚያም ካለፈ ሐኪሞች ሕመም ብለው ይቈጥሩታል። ጨው በሰውነት ውስጥ በበዛ ጊዜ ደግሞ ሰውነት ጨውን ለማለዘብ ውሃ ይይዛል፤ በደም ሥር ውስጥ የሚሄደውም ፈሳሽ ይጨምራል፤ ስለዚህ ሕዝቡ ብዛት ማለቱ ከንቱ አይደለም። የዚህ ሕመም ዋና ክፋቱ ዝምታው ነው። ሳያሳምምና ሳያስጠነቅቅ ለብዙ ዓመት ተቀምጦ፥ በመጨረሻ አንጎልን ወይም ልብን ወይም ኵላሊትን ይመታል።

ታዲያ ጨውን መክሰስ ለአንባቢ ከባድ ይመስላል። ጨው በቅዱሳት መጻሕፍት የተከበረ ነውና፤ በኦሪት መሥዋዕት ያለ ጨው አይቀርብም፤ ኤልሳዕ የኢያሪኮን ውሃ በጨው ፈወሰ፤ ጌታችንም ደቀ መዛሙርቱን በጨው መሰላቸው። በአገራችንም ከአፋር ቈላ ተቈርጦ በግመልና በበቅሎ ወደ ደጋ የሚወጣው አሞሌ ለብዙ መቶ ዓመታት ገንዘብ ሆኖ ሲያገለግል ኖሮአል። ከ1520 እስከ 1526 በኢትዮጵያ የነበረው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ይህን በዓይኑ አይቶ ጽፎአል። ጨው ከተቈረጠበት ስፍራ በራቀ መጠን ዋጋው ይበልጥ ነበር፤ በሩቅ አገር ያለ ሰው አሞሌውን እንደ ብር ይጠነቀቅለት ነበር።

የነገሩም ምስጢር በዚሁ ውስጥ ይገኛል። ጨው የከበረው ጥቂት ስለ ነበረ ነው። የሰውን ኵላሊት የፈጠረ አምላክም ኵላሊትን እንደ ጠንቃቃ መጋቢ አድርጎታል፤ ጨው በጐደለ ጊዜ ጥቂቱን ይዞ ያቈያል እንጂ አያባክንም። ዛሬ ግን ያ በአሞሌ ይቈጠር የነበረው ጨው በኪሎ ይሸጣል፤ የዓለም ሰው በአማካይ በቀን ከ10 ግራም በላይ ይበላል። መጋቢው ያው የቀድሞው መጋቢ ነው፤ ጐተራው ግን ሞልቶ ፈሰሰ።

ይህን መጀመሪያ የጠረጠሩት አምባርና ቦዣር የተባሉ ሁለት የፈረንሳይ ሐኪሞች ናቸው። ኢጣሊያዊው ሪቫ ሮቺ በ1896 ክንድ ላይ ተጠምጥሞ ግፊትን የሚለካውን መሣሪያ አውጥቶ ነበርና፥ እነርሱ በ1904 ለጥቂት ሕመምተኞች ጨውን እየቀነሱና እየጨመሩ ግፊቱ አብሮ ሲወርድና ሲወጣ ተመለከቱ። ነገር ግን ብዙዎች አላመኑአቸውም። እንዲያውም በዚያ ዘመን፥ ደም በጠበበው ሥር ውስጥ ያልፍ ዘንድ ከፍ ያለ ግፊት ያስፈልገዋል፥ ስለዚህ ዝቅ ማድረግ ጕዳት ነው የሚሉ የታወቁ ሐኪሞች ነበሩ። በዚህ አሳብ ምክንያት ብዙ ሰው ሳይታከም ሞተ።

ከዚያ በኋላ ከናዚዎች ሸሽቶ ወደ አሜሪካ የተሰደደው ጀርመናዊ ሐኪም ዋልተር ኬምፕነር በዱክ ዩኒቨርሲቲ ከ1939 ጀምሮ ሕመምተኞቹን ሩዝና ፍራፍሬ ብቻ፥ ጨው ከቶ ሳይጨመርበት፥ ይመግብ ጀመር። በ1944፥ ይኸውም ብሩን ፕሬዚደንቱን በመረመረበት ዓመት፥ ውጤቱን ለሐኪሞች ጉባኤ አቀረበ። የብዙዎች ግፊት ወርዶ፥ የሰፋ ልባቸው ተመልሶ ጠቦ ነበር። ምግቡ ግን ጣዕም የሌለው ስለ ሆነ የሚታገሠው ጥቂት ነበር። በ1958 ክሎሮታያዛይድ የተባለ መድኃኒት ወጣ፤ ይህ ኪኒን ጨውን በሽንት በማስወጣት ግፊትን ስለሚያወርድ፥ የ1904ቱን ጥርጣሬ በሌላ መንገድ አጸናው።

በ1988 ደግሞ ኢንተርሶልት የተባለው ታላቅ ምርመራ በ32 አገሮች፥ በ52 ስፍራዎች የሚኖሩ ከ10,000 የሚበልጡ ሰዎችን ሽንትና ግፊት መርምሮ ገለጠ። በብራዚል ጫካ የሚኖሩት ያኖማሚ የሚባሉት ሕዝቦች ጨው ከቶ የማይጨምሩ ስለ ሆኑ ግፊታቸው እጅግ ዝቅ ያለ፥ ዕድሜያቸውም ሲገፋ የማይጨምር ሆኖ ተገኘ። እኛ የእርጅና ነው የምንለው የግፊት መውጣት እንግዲህ ለሰው ሁሉ የተጻፈ ዕጣ አይደለም።

ይሁን እንጂ ጨው ብቻውን አይደለም፤ ጓደኛ አለው። እንግሊዛዊው ሃምፍሪ ዴቪ በ1807 በጥቂት ቀኖች ልዩነት ሁለት አዳዲስ ብረቶችን በኤሌክትሪክ ኀይል ለየ። አንዱ በገበታ ጨው ውስጥ የሚገኘው ሶዲየም፥ ሁለተኛውም ከዕንጨት አመድ በሚወጣው ፖታሽ ውስጥ ያለው ፖታሲየም ነው። ሶዲየም ውሃን ሲይዝ፥ ፖታሲየም ኵላሊት ሶዲየምን እንዲያስወጣ ይረዳል፥ የደም ሥርንም ያላላል። የቀድሞ ሰው ከአትክልትና ከጥራጥሬ ፖታሲየምን በብዛት፥ ጨውን ግን በጥቂቱ ያገኝ ነበር፤ የዛሬ ከተሜ ነገሩን ገለበጠው።

ይህን የሚያስረዳ ከሁሉ የሚበልጥ ምስክር በ2021 ከቻይና መጣ። በ600 የገጠር መንደሮች የሚኖሩ 20,995 ሰዎች ተመረጡ፤ እነርሱም ቀድሞ በአንጎል ደም ሥር ሕመም የተመቱ ወይም ዕድሜያቸው 60 ደርሶ ግፊታቸው ከፍ ያለ ነበሩ። ለግማሾቹ መንደሮች ሩብ እጁ በፖታሲየም ጨው የተተካ ጨው ተሰጣቸው፤ የቀሩት የለመዱትን በሉ። አምስት ዓመት ያህል ከተጠበቁ በኋላ ጨዋቸው በተለወጠላቸው ዘንድ የአንጎል ደም ሥር ሕመም በ14 በመቶ፥ ሞትም በ12 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። ወጥ ቤታቸው አልተለወጠም፤ የተለወጠው የጨዉ ዕቃ ብቻ ነበር።

የዓለም የጤና ድርጅት አንድ ጐልማሳ በቀን ከ5 ግራም ያነሰ፥ ይኸውም አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ጨው እንዲበላ፥ ከምግቡም ቢያንስ 3.5 ግራም ፖታሲየም እንዲያገኝ ይመክራል። በእኛ ገበታ ላይ ባቄላው፥ ምስሩ፥ አተሩ፥ ድንቹና ጎመኑ ፖታሲየም ያላቸው ናቸው፤ የጾም ምግባችን በዚህ ነገር ባለጸጋ ነው። ነገር ግን በርበሬው ሲደለዝ ጨው ይገባበታል፥ ሽሮውም ሲሰናዳ እንዲሁ፤ ወጡ ሲሠራ ደግሞ እንደ ገና ይጨመራል። ስለዚህ የቤት እመቤት አስቀድማ የገባውን ሳታስብ በእጇ ብትሰፍር፥ የጾሙን በረከት በጨው ትከድነዋለች። የሚበላውም ጨው ጥቂት ይሁን እንጂ አዮዲን ያለው ይሁን፥ እንቅርትን ይከላከላልና። ኵላሊቱ የታመመ ሰው ግን ፖታሲየም የተጨመረበትን ጨው ሐኪም ሳይጠይቅ አይንካ፤ ሊወጣ ያልቻለ ፖታሲየም ልብን ያቆማልና። ኪኒን የታዘዘለትም ጨው ቀንሻለሁ ብሎ መድኃኒቱን አይተው።

አባቶቻችን በተረታቸው፦ ለራስሽ ስትዪ ጨው ጣፍጪ፥ አለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይጥሉሻል ይላሉ። ጨውን ማንም ጣለው አይልም። ማጣፈጥ ግን በልክ ነው፤ ከልክ ያለፈ ጨው ወጡን እንደሚያበላሽ ሁሉ፥ ሰውንም ያበላሻል። በመራራው ሐይቅ ላይ ንጉሠ ነገሥታችንን የተቀበሉት ፕሬዚደንት ሕመማቸው በሐኪም ዘንድ ታውቆ ሳለ፥ ጊዜው ስላልደረሰ ሊድኑ አልቻሉም። ለእኛ ጊዜው ደርሶልናል፤ መለኪያው በየጤና ጣቢያው አለ፥ መድኃኒቱም ተገኝቶአል፥ የጨዉም ነገር ተመርምሮ ታውቆአል። ሕዝቡን በየሰንበቱ የምታገኙት አባቶች ካህናት ሆይ፥ ስለ ነፍሱ ከመከራችሁት በኋላ ክንዱን እንዲያስለካ አንዲት ቃል ብትጨምሩለት፥ ብዙ ቤት ያለ ጊዜው ከሚገባ ለቅሶ ይድናል።