ለቁጡ ፈረስ ምን ይበጃል? ከውጫሌ እስከ ዐድዋ

ውጫሌ ሲነሳ ሁሉም የሚያስታውሰው አንቀጽ 17ን ነው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ይስማ ንጉሥ ላይ የተፈረመው ውል፣ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር ላላቸው ጉዳይ የኢጣሊያን አጋዥነት መጠቀም «ይቻላቸዋል» ይላል፤ ይህ በአማርኛው ነው። በጣሊያንኛው ግን ነገሩ ግዴታ ሆነ። ምኒልክ በ1885 ዓ.ም. ውሉን ሻሩ፤ ጉዳዩም ከሦስት ዓመት በኋላ ዐድዋ ላይ ተቋጨ።

ስለ ውሉ ቃል ብዙ ተጽፏል። ሠራዊቱን ስላደረሱት እንስሳት የተጻፈው ግን ጥቂት ነው። ከአዲስ አበባ እስከ ዐድዋ ወደ 1,000 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ቁጡ የጦር ፈረስ ያን ሁሉ መንገድ ሄዶ ለውጊያ እንዴት ይተርፋል?

ብዙ ሰው የሚመልሰው «ጠንካራ ልጓም አግባለት» ብሎ ነው። የአገራችን የጦር ፈረስ ልጓም በእርግጥም ጠንካራ ነው። አፍ ውስጥ ከሚገባው ብረት ጋር የተያያዘ ቀለበት የፈረሱን የታች መንጋጋ ከብቦ ይይዛል። ዛቡ ሲሳብ ብረቱ ላንቃውን ይገፋል፣ ቀለበቱም አገጩን ይጫናል። ይህ ያለ ምክንያት አልተሠራም። ፈረሰኛው በአንድ እጁ ጋሻና ዛብ፣ በሌላው ጦር ይዟል። ጋልቦ ጦሩን ወርውሮ ወዲያው መዞር አለበት። በዚያች ቅጽበት ፈረሱ ካልታዘዘ ሰውየው ሞተ ማለት ነው።

ያ ብረት ግን የውጊያ እንጂ የመንገድ ዕቃ አይደለም። የድሮ ሰዎች መንገዱን ለበቅሎ የሰጡት ለዚህ ነው። መኳንንቱ በሰጋር በቅሎ ይጓዛሉ፤ የጦር ፈረሱ ሰው ሳይጫነው በአሽከር እየተሳበ ይከተላል። ፈረሱ ላይ የሚወጡት ውጊያው ሲደርስ ነው። በጥቅምት 1888 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ የተነሳው ሠራዊት ወረኢሉ ላይ ከትቶ፣ ወሎን አቋርጦ፣ ወራት ተጉዞ የካቲት 23 ዐድዋ ላይ ተዋጋ። በዚያ ቀን የራስ ሚካኤል (አባ ሻንቆ) የወሎ ፈረሰኞች በጄኔራል ዳቦርሚዳ ጦር ላይ ወረዱበት። ጉልበቱ መንገድ ላይ ያለቀ ፈረስ ይህን አያደርግም።

ሌላው ዓለምም ወደዚሁ ሐሳብ ደርሷል። የካሊፎርኒያ የድሮ ከብት ጠባቂዎች ወጣት ፈረስን መጀመሪያ የሚገሩት ያለ ብረት፣ አፍንጫው ላይ በሚያርፍ ከቆዳ በተጎነጎነ ልባብ ነበር። ሃካሞር የሚባለው እሱ ነው። የብረቱ ተራ የሚመጣው ፈረሱ ከተማረ በኋላ ነው። በዚያው አገር ከ1955 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአንድ ቀን 160 ኪሎ ሜትር የሚጋለብበት የቴቪስ ውድድር አለ። እዚያ የእንስሳት ሐኪሞች በየጣቢያው የልብ ምት እየለኩ የደከመውን ፈረስ ያስቆማሉ። እንዲህ ባለ ረጅም መንገድ የአፍንጫ ልባብ አንድ ግልጽ ጥቅም አለው፤ ፈረሱ አፉን የሚያስቸግር ብረት ሳይኖር ይግጣል፣ ይጠጣል።

ሃካሞርም ቢሆን በራሱ የዋህ አይደለም። ረጅም የብረት ክንድ ያለው ዓይነት አፍንጫን እንደ ጉጠት ይይዛል። ፈረስ የሚተነፍሰው በአፍንጫው ብቻ ስለሆነ፣ ዝቅ ብሎ ከታሰረ ትንፋሹን ያውካል። ለስላሳ ልጓምም በክፉ እጅ ይቆርጣል። ስለዚህ «ልጓም ወይስ ልባብ?» ከማለት በፊት ሌላ ጥያቄ አለ፦ ፈረሱ ለምን ተቆጣ? ጥርሱ አሞት ነው? ኮርቻው ጀርባውን ልጦት ነው? ወይስ ከፊቱ የቀደመውን ፈረስ አይቶ ነው? የፈራ ፈረስ መሸሽ ይፈልጋል፤ ዛቡን ያለ ፋታ የያዙበት ፈረስ ደግሞ መልሶ ይጎትታል። ከዚያ ይበልጥ የከበደ ብረት ይመጣል፣ አፉ ይደነድናል፣ በመጨረሻም ምንም ብረት አያቆመውም። ዋናው ነገር ሲታዘዝ ዛቡን ላላ ማድረግ ነው።

ዛሬም በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞች ሲወጡ ሕዝቡ የሚያደንቀው ግልቢያውን ነው። ከግልቢያው ጀርባ ያለው የአያያዝ እውቀት ግን ከሽማግሌዎቹ ጋር እንዳይቀበር መጠየቅና መመዝገብ አለበት።

ነገሩ ለፈረስ ብቻም አይደለም። ሮም በውጫሌ ውል ያልተስማማ አፍ ውስጥ ብረት ለማግባት ሞከረች፤ መልሱን ዐድዋ ላይ አገኘች። ዛሬም የተቆጣ ሁሉ ልጓም ጎድሎት የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ፈረሰኞቹ ግን ብረቱን ለአንዲት ቅጽበት አስቀምጠው ረጅሙን መንገድ በትዕግሥት ሄደውታል።