ስለ ስትራዝኔቨር ሸለቆ

በዚህ ዓመት መጽሔታችን ስለ አንድ ሩቅ አገር ሸለቆ ጥቂት ልንል ወደናል። ነገሩ የጎረቤት ነገር ስለሆነ ከእድርተኛ ጉዳይ አይርቅም።

ስትራዝኔቨር በስኮትላንድ ሰሜን ጫፍ፣ በሰዘርላንድ አውራጃ ይገኛል። የኔቨር ወንዝ ከሐይቁ ወጥቶ ወደ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ይወርድና ቤቲሂል ከምትባለው መንደር አጠገብ ከባሕር ይገባል። ግራና ቀኙ ረግረግና ዛፍ የማይበዛበት ተራራ ሲሆን፣ የወንዙ ዳር ግን ለምለም ነው። የጌሊክ ቋንቋ ተናጋሪ የሆኑት ገበሬዎች የሚያርሱትም ከብት የሚያረቡትም እዚያው ነበር። ታዲያ ጣጣውን ያመጣው ይኸው ለምለምነቱ ነው።

መሬቱ የሰዘርላንድ ካውንቴስ የኤልሳቤጥ ርስት ነበር፤ ገበሬው ጭሰኛ ነው። (የጭሰኛን ኑሮ ለእኛ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።) በግ ከጭሰኛ የበለጠ ኪራይ ያስገኛል ተባለና ሸለቆው ለትልልቅ በግ አርቢዎች እንዲከራይ፣ ሕዝቡም በባሕሩ ዳር ቁራሽ መሬት ይዞ ዓሣ እንዲያጠምድ ተወሰነ። የሚገርመው፣ ጭሰኛውን የሚያስወጣው የርስቱ ሹም ፓትሪክ ሴላር መሬቱን ለበግ የተከራየውም ራሱ መሆኑ ነው።

ማስወጣቱ በጁን ወር 1814 (በፈረንጆች አቆጣጠር፤ ከዚህ በታችም እንዲሁ) ተጀመረ። የቤቶቹ ግድግዳ ድንጋይና አፈር ነው፤ ውዱ ነገር ጣሪያውን የሚሸከመው እንጨት ነበር። ዛፍ በሌለበት አገር እንጨት ሀብት ነውና ሰው ቤት ሲለቅ ይዞት ይሄዳል። የሴላር ሰዎች ግን ተመልሶ የሚገባ እንዳይኖር አቃጠሉት። እንደ ምስክሮች ቃል፣ ባዲንሎስኪን በተባለ ቦታ ማርጋሬት ማካይ የተባሉ የአልጋ ቁራኛ አሮጊት ቤቱ እየነደደ በብርድ ልብስ ተይዘው ወጡ፤ በ5ኛው ቀን ገደማ አረፉ። ሴላር በ1816 ኢንቨርነስ ላይ በዚህ ሁሉ ተከሶ ነፃ ተለቀቀ።

ከሸለቆው ልጆችም የተመለመሉበት 93ኛው የሰዘርላንድ ሬጅመንት በዚያው ሰሞን ለመንግሥቱ ይዋጋ ነበር፤ በጃንዋሪ 1815 ኒው ኦርሊንስ ላይ ብዙ ሰው አለቀበት። በ1819 ደግሞ አብዛኛው የቀረው ሕዝብ ወጣ።

በ1883 የኔፒር ኮሚሽን ቤቲሂል ላይ ሲሰየም በልጅነታቸው የተባረሩ ሽማግሌዎች ቀርበው መሰከሩ። በ1886 የወጣው ሕግ ጭሰኛው በዘፈቀደ እንዳይነቀል ከለከለ፤ ሸለቆውን ግን አልመለሰላቸውም።

ዛሬ ወንዙ የታወቀው በሳልመን ዓሣው ነው። ቤቲሂል ስሟን ያገኘችው ከካውንቴስዋ ነው ይባላል፤ ቤቲ ማለት የኤልሳቤጥ ማቆላመጫ ነው። ሮሳል በሚባለው ቦታ በ1962 በቁፋሮ የተጠኑት የቤቶቹ መሠረቶች አሁንም ይታያሉ። በሐይቁ ዳር በግረምቤግ ያለው መቃብርም ቀባሪዎቹ ሲሄዱ እዚያው ቀርቷል።