ዝም ያለ መኪና ለዓለም አዲስ አይደለም

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ይዤ መጥቻለሁ፤ ቡናችሁን ያዙና አንብቡልኝ።

ሰሞኑን በየታክሲውና በየሻይ ቤቱ ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ሲወራ ሁለት ነገር ይሰማል። አንደኛው የዋጋና የቻርጅ ጉዳይ ነው። ሁለተኛው «ኧረ አይሰማም እኮ፣ ጀርባዬ ላይ ሲደርስ ነው ያየሁት» የሚል ነው። ስለ አንደኛው ብዙ ተጽፏል። እኔ የታሪክ መምህር ስለሆንኩ ስለ ሁለተኛው ልጻፍ ብዬ ነው። ብዙ ሰው ይህ ችግር ትናንት ከቻይና መኪኖች ጋር የመጣ ይመስለዋል። አይደለም። ከ130 ዓመት በላይ የቆየ ክርክር ነው። የክርክሩ ፍሬ ነገርም አንድ ነው፦ መንገድ ላይ «መጣሁ» ብሎ የማሳወቅ ግዴታ የማን ነው? የነጂው ወይስ የእግረኛው?

ከእንግሊዝ እንጀምር። እ.ኤ.አ. በ1865 የወጣ አንድ ሕግ ነበር። ያኔ ያለ ፈረስ የሚሄደው ተሽከርካሪ በእንፋሎት የሚሠራ ከባድ ማሽን ነው። ሕጉ ይህ ማሽን ከተማ ውስጥ በሰዓት ከ2 ማይል፣ ከከተማ ውጭ ደግሞ ከ4 ማይል በላይ እንዳይሄድ ከለከለ። በዚህ አላበቃም። ከማሽኑ 60 ያርድ (55 ሜትር ገደማ) ቀድሞ ቀይ ባንዲራ የያዘ ሰው በእግሩ እንዲሄድ አስገደደ። አስቡት እንግዲህ፣ መኪናው ሰውየውን ተከትሎ ነው የሚሄደው! ዛሬ ላይ ሆነን ሲታይ ያስቃል። ነገር ግን ከሕጉ ጀርባ ያለው ሐሳብ አያስቅም። አደገኛውን ነገር መንገድ ላይ ያወጣ ሰው ማስጠንቀቂያውንም ይዞ ይውጣ ነው የሚለው።

ቀጥሎ ብስክሌት መጣ። ፈረስ ሲመጣ ኮቴው ይሰማል፣ ጋሪ ሲመጣ መንኮራኩሩ ይንኳኳል። ብስክሌት ግን ኮቴ የለውም፤ ሹልክ ብሎ አጠገብህ ይደርሳል። እግረኛው ተማረረ። በዚህ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ1888 በወጣው የእንግሊዝ የአካባቢ አስተዳደር ሕግ ላይ ብስክሌት ነጂ ሰው ወይም ፈረስ ቀድሞ ሊያልፍ ሲል ደወል ወይም ፉጨት እንዲያሰማ ተደነገገ። ልብ በሉ፣ መኪና ገና መንገዱን ሳይሞላው «ድምፅ የሌለው ነገር ድምፅ ይኑረው» የሚል ሕግ ነበረ ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. ነሐሴ 17 ቀን 1896 ለንደን ክሪስታል ፓላስ ግቢ ውስጥ ብሪጅት ድሪስኮል የምትባል እናት ለሕዝብ ለማሳያ በቀረበ መኪና ተገጭታ ሞተች። በእንግሊዝ በመኪና ተገጭቶ በመሞት የመጀመሪያዋ እግረኛ እሷ ናት። ሹፌሩ ስነዳ የነበረው በሰዓት 4 ማይል ብቻ ነው ብሎ ነበር። የአሟሟቷን ምክንያት የመረመረው ሹም እንዲህ ያለ ነገር ዳግም እንደማይደርስ ተስፋ አድርጎ ነበር። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ሥራ ላይ የዋለው አዲስ ሕግ ከፊት የሚሄደውን ሰው አስቀርቶ ፍጥነቱን ወደ 14 ማይል ከፍ አደረገው። በሰውየው ምትክ መኪናው ደወል ወይም ሌላ የሚሰማ ማስጠንቀቂያ እንዲይዝ አዘዘ። ሰውየው ቀረ፣ ግዴታው ግን መኪናው ላይ ቆየ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ያኔ መንገድ ላይ ከነበሩት መኪኖች ጥቂት የማይባሉት የኤሌክትሪክ ነበሩ። አዎ፣ የኤሌክትሪክ! እ.ኤ.አ. በ1897 ዋልተር በርሲ የሚባል መሐንዲስ ለንደን ውስጥ በባትሪ የሚሄዱ ታክሲዎችን ሥራ ላይ አሰማራ። ሕዝቡ «ሃሚንግበርድ» የሚል ስም አወጣላቸው። ሃሚንግበርድ ክንፏን ስታርገበግብ እዝ... የምትል ትንሽ ወፍ ናት። ድምፃቸው ያችኑ ያህል ስለነበረ ነው። አሜሪካም ቢሆን እ.ኤ.አ. በ1900 ከተመረቱት መኪኖች ከሩብ በላይ የሚሆኑት የኤሌክትሪክ ነበሩ።

እዚህ ላይ ተማሪዎቼ ሁሌ የሚደነግጡባትን ታሪክ ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. መስከረም 13 ቀን 1899 ኒው ዮርክ ከተማ ውስጥ ሄንሪ ብሊስ የሚባሉ የ69 ዓመት ሰው ከባቡር (ከትራም) ወረዱ። እግራቸው መሬት እንደረገጠ አንድ ታክሲ ገጫቸው፤ በማግስቱ ጠዋት ሞቱ። በአሜሪካ ምድር በመኪና ተገጭቶ በመሞት በመዝገብ የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ናቸው። የገጫቸው ታክሲ በምን የሚሠራ ይመስላችኋል? በኤሌክትሪክ! ሹፌሩ ተይዞ ተከሰሰ፣ ሆን ብሎ አይደለም ተብሎ በነፃ ተለቀቀ። ሰውየውን የገደላቸው የመኪናው ዝምታ ነው እያልኩ አይደለም። ግን የአሜሪካ የመኪና አደጋ ታሪክ የሚጀምረው በኤሌክትሪክ መኪና መሆኑን ስንቶቻችን እናውቃለን?

ታዲያ እነዚያ መኪኖች የት ገቡ? ቴክሳስ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1901 ብዙ ነዳጅ ተገኘ። በ1908 ፎርድ ሞዴል ቲ የተባለችውን ርካሽ መኪና አወጣ። በ1912 ካዲላክ በኤሌክትሪክ የሚነሳ ሞተር ይዞ መጣና በእጅ እያዞሩ ማስነሳት እየቀረ ሄደ። ባትሪው ተሸነፈ። ወደ እኛም ሀገር በ1900 ዓ.ም. ገደማ ቤንትሌ የተባለ እንግሊዛዊ ለዐፄ ምኒልክ ይዞት የመጣው ሲድሊ መኪና የቤንዚን ነበር።

ከዚያ በኋላ ለመቶ ዓመት ያህል ሞተሩ ራሱ ማስጠንቀቂያ ሆነ። ለማስጠንቀቂያ ብሎ የሠራው ሰው የለም፤ በአጋጣሚ ነው። በላዩ ላይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1908 ሚለር ሪስ ሃቺሰን የሚባል አሜሪካዊ የፈለሰፈው «ክላክሰን» የሚባል ጡሩምባ ገበያ ላይ ወጣ። እኛ ዛሬ ክላክስ የምንለው ቃል መነሻው ይኸው የንግድ ስም ነው። የሚገርመው ይህ ሰው ቀደም ብሎ ጆሮ ለከበዳቸው ሰዎች የመስሚያ መሣሪያ የሠራ ሰው መሆኑ ነው።

እኛም በዚህ ጫጫታ ውስጥ አደግን። ልጅ ሆነን ዓይናችንን ጨፍነን ላዳውን ከአይሱዙ፣ አይሱዙውን ከሲኖትራክ በድምፁ እንለይ ነበር አይደል? ጆሯችን ሳናውቀው መንገድ መሻገር ተምሯል። ቀድመን የምናዞረው አንገታችንን ሳይሆን ጆሯችንን ነው።

ይህን ሙያ አድርገው የያዙት ግን ማየት የተሳናቸው ሰዎች ናቸው። ነጩ በትር ራሱ የመኪና ልጅ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1921 በእንግሊዟ ብሪስቶል ከተማ ጄምስ ቢግስ የሚባል በአደጋ ዓይኑን ያጣ ሰው በቤቱ አካባቢ የመኪናው ብዛት ቢያሰጋው ሹፌሮች እንዲያዩት ብሎ ከዘራውን ነጭ ቀለም ቀባ። በ1930 በአሜሪካ የፒዮሪያ ከተማ ነጭ በትር ለያዘ ሰው ቅድሚያ እንዲሰጥ ደነገገች። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ዓይናቸውን ላጡ ወታደሮች የበትር አያያዝ ሥልጠና ሲስፋፋ ከበትሩ ጋር አብሮ የሚሠራው ጆሮ ሆነ። በጎን የሚያልፈውን የመኪና ድምፅ እየተከተሉ ቀጥ ብሎ መሄድ፣ ድምፁ ሲቆም መሻገር።

እንግዲህ ይህ ሁሉ እያለ ነው እ.ኤ.አ. በ1997 መጨረሻ ቶዮታ ፕሪየስን ጃፓን ውስጥ ያወጣው። በዝግታ ሲሄድ በባትሪ ነው፤ አይሰማም። ቀድመው የጮኹት የአሜሪካ የዓይነ ስውራን ፌዴሬሽን አባላት ናቸው። መጀመሪያ የሰማቸው አልነበረም። በኋላ ሎውረንስ ሮዘንብለም የሚባል የካሊፎርኒያ ተመራማሪ ነገሩን ፈተነው። በሰዓት 5 ማይል የሚሄድ የቤንዚን መኪና ከየት በኩል እንደሚመጣ ሰዎች በድምፁ የሚለዩት 8 ሜትር ተኩል ያህል ሲርቃቸው ነው። ፕሪየሱን ግን 2 ሜትር ያህል ሲቀረው! 2 ሜትር ማለት ሁለት ወይም ሦስት ርምጃ ነው።

የአሜሪካ የትራፊክ ደህንነት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው ጥናት ሃይብሪድ መኪኖች ፍጥነት ሲቀንሱ፣ ሊቆሙ ሲሉ፣ ወደ ኋላ ሲሄዱና ከማቆሚያ ሲወጡ እግረኛ የመግጨት ዕድላቸው ከነዳጅ መኪና በእጥፍ የበለጠ ሆኖ ተገኘ። በ2024 የወጣ የለንደን ጥናት ደግሞ ከ2013 እስከ 2017 የነበረውን የብሪታንያ መረጃ መርምሮ ሃይብሪድና ኤሌክትሪክ መኪኖች በተጓዙት ማይል ሲሰላ እግረኛ የመግጨት ዕድላቸው እጥፍ፣ ከተማ ውስጥ ደግሞ ሦስት እጥፍ መሆኑን አሳየ።

ሕጉስ? ጃፓን እ.ኤ.አ. በ2010 መመሪያ አወጣች። አሜሪካ ውስጥ ፕሬዚዳንት ኦባማ በጥር 2011 ሕጉን ፈረሙ፤ ዝርዝር ደንቡ የወጣው በ2016 ነው፤ ሙሉ በሙሉ ሥራ ላይ የዋለው በ2021። ፕሪየስ ከወጣ 23 ዓመት በኋላ ማለት ነው። አውሮፓ ከሐምሌ 2019 ጀምሮ አዲስ ሞዴሎች፣ ከሐምሌ 2021 ጀምሮ ደግሞ አዲስ የሚሸጡ የኤሌክትሪክና የሃይብሪድ መኪኖች በሙሉ ሰው ሠራሽ ድምፅ እንዲያወጡ አስገደደች። ቻይናም በዝቅተኛ ፍጥነት ድምፅ እንዲኖር የሚጠይቅ ደረጃ አላት። የእኛ አባቶች እንዲህ ያለውን «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይሉታል።

«ታዲያ ከጫጫታ ተገላገልን ስንል ሌላ ጫጫታ ልታመጣብን ነው?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን ቀላል ነው። በተባበሩት መንግሥታት ደንብ መሠረት ድምፁ የሚፈለገው እስከ 20 ኪሎ ሜትር በሰዓት ድረስና ወደ ኋላ ሲኬድ ብቻ ነው። መኪናው ከዚያ በላይ ሲፈጥን የጎማው ድምፅ ራሱ ይሰማል። መጠኑም ቢሆን በ20 ኪሎ ሜትር ላይ ዝቅተኛው 56 ዴሲቤል ነው፤ ሁለት ሰው ተቀምጦ የሚያወራውን ያህል እንጂ የሲኖትራክ ጩኸት አይደለም። ከዚህም ሌላ ይኸው ደንብ በ2017 ሲሻሻል ሹፌሩ ድምፁን የሚያጠፋበት ቁልፍ እንዳይኖር ከልክሏል። ለምን? ቁልፍ ካለ የሚያጠፋ ስለማይጠፋ ነዋ!

አሁን ወደ ቤታችን እንግባ። ኢትዮጵያ በጥር 2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ መወሰኗን አሳወቀች፤ በዓለም የመጀመሪያዋ ሆነች። ውሳኔውን እኔ አልቃወምም። ነዳጅ በዶላር እየገዛን ኤሌክትሪኩን ከራሳችን ወንዝ የምናገኝ ሰዎች ነን። ግን መኪናውን ከሌላው ዓለም ቀድመን ከወሰንን ጥንቃቄውን ከሌላው ዓለም ዘግይተን መያዝ የለብንም።

እኛ ዘንድ መንገዱ ላይ ያለው ማን ነው? አዲስ አበባ ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ጉዞ በእግር ነው። የውስጥ ለውስጡ ኮብልስቶን ላይ መኪናውም፣ ሕፃኑም፣ ሳይክሉም፣ አሮጊቷም በአንድ መንገድ ነው የሚሄዱት። በዚህ ላይ በ1998 ዓ.ም. የተደረገው ብሔራዊ ጥናት ከሕዝባችን 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር መሆኑን አሳይቷል። ከመቶ ሰው ከአንድ በላይ ማለት ነው።

እኔ በማስተምርበት ትምህርት ቤት ማየት የተሳነው የሥራ ባልደረባ አለኝ። ለዓመታት ያለ መሪ ብቻውን እየተመላለሰ ያስተማረ ሰው ነው። አስፋልት ዳር ይቆማል፣ ያዳምጣል፣ ዝም ሲል ይሻገራል። ለእሱ ድሮ ዝም ያለ መንገድ ማለት ባዶ መንገድ ማለት ነበር። አሁን ዝም ያለ መንገድ ምን እንደያዘ ማወቅ እንዳቃተው ነግሮኛል። ዘንድሮ ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤቱ አጠገብ ያለውን አስፋልት የሚሻገረው ተማሪ ጠብቆ፣ በተማሪ ክንድ ነው። ተማሪዎቹ ደስ ብሏቸው ነው የሚያሻግሩት። እሱ ግን ያጣው ነገር አለ፤ ብቻውን መሄድን። ዝምታ ወርቅ ነው ይባላል፤ አስፋልት ላይ ግን የማን ወርቅ እንደሆነ መጠየቅ አለበት።

ስለዚህ ምን ይደረግ?

ወደ ሀገር የሚገባ የኤሌክትሪክ መኪና ድምፅ ማውጫው መኖሩና የማይጠፋ መሆኑ ይፈተሽ። በየዓመቱ ለቦሎ ምርመራ ሲቀርብም ፍሬንና መብራት እንደሚታየው ይሄም ይታይ፤ የፊት ባምፐር ሲገጭ ድምፅ ማጉያው አብሮ ሊበላሽ ይችላልና።

ሹፌሮች፣ ማጥፊያ ያላቸው ሞዴሎች አሉ። እባካችሁ አታጥፉት። ከግቢ ስትወጡና ኋላ ማርሽ ስታስገቡ ማንም አልሰማኝም ብላችሁ አስቡ። በትር የያዘ ሰው ካያችሁ ቁሙ።

ወላጆችና መምህራን፣ ልጆቹን «ካልሰማህ ተሻገር» የሚለው ዘመን ማለፉን እንንገራቸው። በግራም በቀኝም ይዩ። ጆሯቸው ላይ ኢርፎን ሰክተው አይሻገሩ። ሳይክል የምትነዱም ወደ ጎን ከመታጠፋችሁ በፊት ዞር ብላችሁ እዩ።

ግን ይህ የመጨረሻው ምክር ብቻውን እንዳይቀር። ታሪኩ የሚያስተምረን እሱን ነው። በ1865ቱ ባንዲራ፣ በ1888ቱ የብስክሌት ደወል፣ በ1896ቱ ሕግ፣ በ2021ዱ ድምፅ ማጉያ ውስጥ ያለው ሐሳብ አንድ ነው። «መጣሁ» ማለት ያለበት የሚመጣው ነው። እግረኛው ሁሉ ዓይን የለውም፤ መኪናው ሁሉ ግን ድምፅ ሊኖረው ይችላል። ያውም በአንዲት ትንሽ ስፒከር።

ሳይቃጠል በቅጠል ነው ነገሩ። መኪና አስመጪ፣ ትራፊክ፣ መካኒክ የሆነ ወዳጅ ያላችሁ ሼር አድርጉላቸው። የኤሌክትሪክ መኪና የምትነዱ ደግሞ የእናንተ መኪና በዝግታ ሲሄድ ይሰማል ወይስ አይሰማም? ዛሬ አንድ ሰው ውጭ አቁማችሁ ሞክሩትና ኮሜንት ላይ ንገሩን።