ማጅራት ገትር በካርቱም፦ ከ1988ቱ ወረርሽኝ እስከ አዲሱ ክትባት

በሬዲዮ ያቀረብነውን ትምህርት ላልሰማችሁ፣ ሰምታችሁም ደግማችሁ ማየት ለምትፈልጉ በዚህ ወረቀት አትመነዋል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የማጅራት ገትር ስሙ ራሱ ምልክቱን ይናገራል፤ ማጅራትን ገትሮ የሚይዝ በሽታ ነው። ሱዳኖች ሰሃኢ ይሉታል። ሐኪም ቤት ስትሄዱ ይህን ቃል ማወቁ ይጠቅማችኋል። በሽታው አንጎልንና ሕብለ ሰረሰርን የሸፈነውን ስስ ሽፋን ያስቆጣል። የሚያመጡት ተሕዋስያን ብዙ ቢሆኑም በወረርሽኝ መልክ ከተማ የሚያዳርሰው በተለይ ሜኒንጎኮከስ የተባለው ባክቴሪያ ነው። ላፔይሶኒ የተባለ ፈረንሳዊ የጦር ሐኪም በ1963 የማጅራት ገትር ቀበቶ ብሎ የሰየመው ምድር ዛሬ ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያ እንደተዘረጋ ይቆጠራል። እኛ የመጣንበትም፣ የተጠለልንበትም አገር በዚህ ቀበቶ ውስጥ ናቸው።

አሁን ወደ ካርቱም ልውሰዳችሁ። በ1987 በሐጅ ወቅት መካ ላይ ኤ የተባለው የዚህ ባክቴሪያ ዓይነት ወረርሽኝ አስነሣ። ተመራማሪዎች በኋላ ዘሩን ሲመረምሩ፣ ከጥቂት ዓመታት በፊት በኔፓል ሰው ከፈጀው ጋር አንድ ሆኖ አገኙት። ባክቴሪያው ምንም ሕመም በማይሰማው ሰው ጉሮሮና አፍንጫ ውስጥ ተቀምጦ አገር ያቋርጣል። በ1988 መጀመሪያ፣ በደረቁ ወራት፣ ካርቱም ላይ ፈነዳ። በዚያን ጊዜ ከደቡብ ጦርነት የሸሹ፣ ከምዕራብ በ1984ቱ ድርቅ የተፈናቀሉ ሰዎች በከተማዋ ዙሪያ በካርቶንና በሣር ጎጆ ተጠጋግተው ይኖሩ ነበር። የሃቡብ አቧራ ጉሮሮን ያቆስላል፤ አቧራውን ለመከላከል በር ሲዘጋ ደግሞ የአንዱ ትንፋሽ ለሌላው ይደርሳል። በዚያ ዓመት በሱዳን ከ30 ሺህ በላይ ሰዎች ታመሙ። ዝናቡ ሲመጣ በሽታው ረገበ፤ ካርቱም ግን እፎይ ሳትል በነሐሴ በጎርፍ ተጥለቀለቀች። በሽታውም ወደ ኢትዮጵያ ተሻግሮ እስከ 1989 ድረስ ከ40 ሺህ በላይ ሰው አሳመመ።

ሰዉ በጅምላ ተከትቦ ነበር። ታዲያ ለምን በ1999 ሱዳን ውስጥ እንደገና ከ30 ሺህ በላይ ታመው ከ2 ሺህ በላይ ሞቱ? የያኔው ክትባት የሚከላከለው ለጥቂት ዓመታት ብቻ ነበር፤ ከሁለት ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት ብዙም አይሠራም፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ባክቴሪያውን ከጉሮሮ አያጠፋም። ወረርሽኝ ከተነሣ በኋላ እየተሯሯጡ መከተብ እሳት ቤቱን ከበላው በኋላ ውኃ እንደመቅዳት ነበር።

ነገሩ የተለወጠው በታኅሣሥ 2010 ነው። ሜንአፍሪቫክ የተባለው አዲስ ክትባት ቡርኪና ፋሶ ላይ ተጀመረ። ሕንድ አገር የተመረተና ሲጀመር አንዱ መጠን ከ50 የአሜሪካ ሳንቲም በታች ይሸጥ የነበረ፣ ለአፍሪካ ተብሎ የተዘጋጀ ክትባት ነው። በሱዳን በ2012 እና በ2013፣ በኢትዮጵያ ከ2013 እስከ 2015 ከአንድ እስከ 29 ዓመት ያሉ ሰዎች በዘመቻ ተከተቡ። ከ2017 ወዲህ በቀበቶው ውስጥ በኤ ዓይነት የታመመ ሰው በምርመራ አልተገኘም። እኔ በሙያዬ ከተማርኩት ታሪክ ሁሉ ይህን የሚያህል ደስ የሚያሰኝ የለም።

ሆኖም ማጅራት ገትር ጠፋ ማለት አይደለም። ሲ፣ ደብልዩ፣ ኤክስ የተባሉት ዓይነቶችና ሌሎች ባክቴሪያዎች አሉ። አምስት ዓይነቶችን የሚከላከል ክትባት በ2023 በዓለም ጤና ድርጅት ተፈቅዶ በ2024 ናይጄሪያ ቀድማ ተጠቅማበታለች። በዚያው በ2023 በካርቱም የተነሣው ጦርነት ግን የሱዳንን ክትባት አስተጓጎለ። ከዘመቻው በኋላ የተወለዱ ልጆቻችሁን ካርድ ይዛችሁ ጤና ጣቢያ አሳዩ፤ ካርዱ በስደቱ ከጠፋም ያለ ካርድ ኑ።

ሕክምናውም ታሪክ አለው። ከ1930ዎቹ በፊት የሚበዛው በሽተኛ ይሞት ነበር። ሰልፋ የተባለው መድኃኒት በ1930ዎቹ መጨረሻ ሱዳን ውስጥም ተሞክሮ ብዙ ሰው አዳነ፤ ውሎ አድሮ ባክቴሪያው ለመደው። ከዚያ በዘይት የተበጠበጠ ክሎራምፌኒኮል፣ አሁን ደግሞ ሴፍትሪአክሶን በመርፌ ይሰጣል። በዚህ ሁሉ እንኳ ከአሥር ታማሚ አንድ ያህል ይሞታል፤ የዳነውም ጆሮው ሊደነቁር ይችላል። ስለዚህ ድንገተኛ ትኩሳት፣ ከባድ ራስ ምታት፣ የአንገት መገተር፣ ማስመለስ፣ ብርሃን መጥላት ወይም መቀባዠር ስታዩ ሌሊትም ቢሆን ተነሡ። ሕፃን ልጅ አንገቱ ላይገተር ይችላል፤ ጡት እምቢ ካለ፣ ከዛለ፣ እርግብግቢቱ ከተነፋ ይበቃል። እባካችሁ እናቶች፣ ጡት እምቢ አለ ብላችሁ እንጥል ለማስቆረጥ አትሂዱ። ጠበልም የሚፈልግ ከመርፌው በኋላ ይጠመቅ።

ሐኪሙ ከወገብ ፈሳሽ ልቅዳ ሲል ብዙ ቤተሰብ «ሽባ ያደርገዋል» ብሎ እምቢ ይላል። መርፌው የሚገባው ሕብለ ሰረሰሩ ካለቀበት በታች ነው። የትኛው ተሕዋስ እንደሆነ የሚለየው በዚያ ፈሳሽ ነው።

የአንጎሉ ሽፋን ብቻ ሳይሆን ራሱ አንጎሉ የሚቆጣበት ጊዜም አለ። ከሚያመጡት ቫይረሶች አንዱ ኸርፐስ ይባላል። ከንፈር ላይ ሲወጣ ምች መታኝ የምንለውና ዳማከሴ የምናሽለት እሱ ነው። ወደ አንጎል የሚገባው ከስንት አንዴ ነው፤ ሲገባ ግን ሰውየው ጠባዩ ይለወጣል፣ ይዘባርቃል፣ ያንቀጠቅጠዋል፤ ዘመድም ጂኒ ነው ብሎ ያስራል። ቀድሞ አብዛኞቹ ይሞቱ ነበር፤ ከ1980ዎቹ ወዲህ አሲክሎቪር በደም ሥር ሲሰጥ ብዙዎች ድነዋል። ለዚህ ክትባት የለውም። አራስ ልጅ በዚህ ቫይረስ ክፉኛ ይጎዳልና ከንፈሩ ላይ ምች የወጣበት ሰው፣ አባትም ይሁን አያት፣ ቁስሉ እስኪደርቅ ሕፃኑን አይሳም።

በሚቀጥለው ዝግጅታችን ስለ ኩፍኝ እንነጋገራለን።