ዜና ሳቼል ፔጅ፣ ኳስ ወርዋሪው

በ1927 ዓ.ም. ኅዳር 26 ቀን በኦጋዴን፣ ወልወል ላይ በኢትዮጵያና በጣሊያን ወታደሮች መካከል ተኩስ ተከፈተ፤ ወሬውም ጅግጅጋን አልፎ ባሕር ተሻገረ። በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር፣ በአሜሪካ ዊቺታ ከተማ፣ ሳቼል ፔጅ የሚባል ጥቁር የቤዝቦል ኳስ ወርዋሪ ጥቁርና ነጭ ከተቀላቀለበት የቢስማርክ ቡድን ጋር ተሰልፎ 4 ጨዋታ አሸነፈ፤ 60 መቺዎችንም ባዶ እጃቸውን መለሰ።

ይህ ሰው በ1898 ዓ.ም. ሰኔ 30 ቀን አላባማ ውስጥ በሞቢል ተወለደ። በባቡር ጣቢያ ሻንጣ ይሸከም ስለነበር «ሳቼል» እንደተባለ ይነገራል፤ ቃሉ የእጅ ቦርሳ ማለት ነው። በ12 ዓመቱ በስርቆት ማረሚያ ትምህርት ቤት ገባ፤ አወራወርን አጥርቶ የተማረውም እዚያ ነው። ሲያሟሙቅ የማስቲካ መጠቅለያ መሬት ላይ ያስነጥፍና ኳሷን በወረቀቷ አናት ላይ ደጋግሞ ያሳልፍ ነበር። ታላቁ የአሜሪካ ቤዝቦል ሊግ ግን ለጥቁር ዝግ ነበርና አልወሰደውም።

በ1928 ዓ.ም. መጋቢት ላይ የጣሊያን አውሮፕላኖች ጅግጅጋን ደበደቡ። በሚያዝያ ማብቂያ የደጃዝማች ነሲቡ የኢትዮጵያ ጦር አፈገፈገ፤ የጣሊያኑ ጄኔራል የግራዚያኒ ሠራዊትም ከተማይቱን ያዘ።

ጅግጅጋ በጠላት እጅ ሳለች በአሜሪካዋ ማያሚ «የኢትዮጵያ ቀልደኞች» የተባለ የቤዝቦል ቡድን ገነነ። ተጫዋቾቹ ፊታቸውን ቀለም ተቀብተው፣ አፍሪካዊ የሚመስል ስም ተለጥፎላቸው ሕዝብ ያስቁ ነበር። የጥቁሮች ጋዜጣ ጸሐፊዎች ተቆጡ፤ ደግ አደረጉ፤ በዚያ ሰዓት ኢትዮጵያ የሚያስቅ ነገር አልነበራትም። ቡድኑ በ1935 ዓ.ም. የጥቁሮች ሊግ ሲገባ «የኢትዮጵያ» የሚለውን ጣለ።

በ1940 ዓ.ም. ሐምሌ 2 ቀን፣ 42 ዓመት በሞላው በሁለተኛው ቀን፣ ፔጅ ለክሊቭላንድ ቡድን ተሰልፎ፣ በመጨረሻ ለጥቁሮች በተከፈተው ታላቁ ሊግ ወረወረ። በዚያ ዓመት 6 አሸነፈ፣ 1 ተሸነፈ። በተከታዩ መስከረም ጣሊያንን አስወጥተው ይዘዋት የነበሩት እንግሊዞች ጅግጅጋን ለኢትዮጵያ መንግሥት አስረከቡ። በዚያው ወር በ30ኛው ቀን፣ 86,288 ሰው እያየ፣ ፔጅ በፍጻሜው ውድድር የወረወረ የመጀመሪያው ጥቁር ሆነ፤ የዕለቱን ጨዋታ ክሊቭላንድ ቢሸነፍም በማግስቱ ዋንጫውን ወሰደ።

በ1958 ዓ.ም. መስከረም 15 ቀን የ59 ዓመቱ ሽማግሌ በካንሳስ ሲቲ ከተወዛዋዥ ወንበር ተነሥቶ ሦስት ዙር ወረወረ፤ ቦስተኖች ኳሱን አንዴ ብቻ በትክክል መቱለት። በ1959 ዓ.ም. በወር 1,000 ዶላር ተቀጥሮ ከኢንዲያናፖሊስ ቀልደኞች ጋር ከተማ ለከተማ ዞረ፤ እነዚያው የቀድሞዎቹ «የኢትዮጵያ ቀልደኞች» መሆናቸው ነው።

በ1974 ዓ.ም. ሰኔ 1 ቀን በካንሳስ ሲቲ ዐረፈ።