ምናብ እንደ መድኃኒት፦ የሂፕኖሲስ ሕክምና ታሪክ ከ1784 ወዲህ



«ሂፕኖሲስ» የሚለው ቃል በአገራችን ሲነሳ በብዙዎቻችን አእምሮ ቀድሞ የሚመጣው «አፍዝ አደንግዝ» ነው። ሰው ፈዝዞ ንብረቱን በገዛ እጁ አስረከበ ሲባል ያልሰማ የለም። ስለዚህ አንድ ሐኪም «በሂፕኖሲስ ልርዳህ» ቢለው ሕመምተኛው ቢሸሽ አይፈረድበትም። እኔም ዛሬ ይህን ፍርሃት ላጣጥል አልመጣሁም። ፍርሃቱ ምን ያህል እውነት እንዳለበት፣ ከፍርሃቱ ባሻገርም ለታመመ ሰው የሚበጅ ነገር መኖር አለመኖሩን በታሪክ መንገድ አብረን እንድንመረምር ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ታሪኩን ፍራንዝ አንቶን ሜስመር ከተባለ ሐኪም እንጀምር። ሜስመር በ1766 በቪየና ያቀረበው የመመረቂያ ጽሑፍ ፕላኔቶች በሰው አካል ላይ ስላላቸው ተጽዕኖ የሚያትት ነበር። በኋላም ፍጥረትን ሁሉ የሚያገናኝ አንድ የማይታይ ረቂቅ ፈሳሽ አለ፤ በሽታ የሚመጣው ይህ ፈሳሽ በሰውነት ውስጥ መፍሰሱ ሲታጎል ነው፤ ሐኪም ደግሞ በእጁ እንቅስቃሴ ፍሰቱን ሊመልሰው ይችላል ብሎ አስተማረ። ኃይሉንም «እንስሳዊ ማግኔት» አለው። በ1778 ፓሪስ ገባ፤ በዚያም የብረት ዘንጎች የወጡለት ትልቅ የእንጨት ገንዳ አሠርቶ ሕመምተኞችን በዙሪያው ያስቀምጥ ጀመር። ዘንጉን ከታመመ አካላቸው ጋር አገናኝተው ሲቀመጡ አንዱ ይስቃል፣ ሌላው ያለቅሳል፣ ሌላው ይንፈራገጣል። ብዙዎችም ዳንን ብለው መሰከሩ።

ነገሩ ቤተ መንግሥት ደረሰ። በ1784 ንጉሥ ሉዊ 16ኛ መርማሪ ኮሚሽን አቋቋመ። ከአባላቱ መካከል በፈረንሳይ የአሜሪካ መልእክተኛ የነበረው ቤንጃሚን ፍራንክሊን፣ የኬሚስትሪው ሊቅ አንቷን ላቯዚዬና የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ዣን ሲልቫን ባዪ ይገኙበታል። የተመረመረው የሜስመር የራሱ ሥራ ሳይሆን የደቀ መዝሙሩ የሐኪሙ የዴስሎን ሥራ ነበር። ፍራንክሊን ታምሞ ስለ ነበር ከሙከራዎቹ ከፊሉ ፓሲ በሚገኘው መኖሪያው ተካሄደ። በአትክልቱ ስፍራ ዴስሎን በአንድ ዛፍ ላይ ብቻ ኃይሉን አሳደረበት። ከዚያም ዓይኑ በጨርቅ የታሰረ የ12 ዓመት ልጅ ወደ ሌሎች ዛፎች እየተመራ እንዲያቅፋቸው ተደረገ። ልጁ ኃይል አለበት የተባለውን ዛፍ ሳይነካ አራተኛው ዛፍ ዘንድ ሲደርስ ራሱን ስቶ ወደቀ። በሌሎች ሙከራዎችም ሳያውቁ የተሠራባቸው ሰዎች ምንም አልተሰማቸውም፤ ምንም ሳይደረግባቸው «ተደርጎባችኋል» የተባሉት ግን ተንፈራገጡ። ኮሚሽኑ የደረሰበት ድምዳሜ ግልጽ ነበር፦ ፈሳሹ የለም፤ ሥራውን የሚሠራው ምናብ ነው።

እዚህ ላይ ጥቂት ቆም እንበል። ኮሚሽኑ ትክክል ነበር። ዛሬ መድኃኒት ሲፈተን ሕመምተኛው የወሰደው የትኛውን እንደ ሆነ እንዳያውቅ የሚደረግበት ሥርዓት ከቀደምት ምሳሌዎቹ አንዱ ይኸው ምርመራ ነው። ነገር ግን ኮሚሽኑ «ፈሳሹ አለ ወይስ የለም?» ብሎ ጠየቀ እንጂ «ምናብ ይህን ያህል ኃይል ካለው ለሕክምና ቢውልስ?» ብሎ አልጠየቀም። ጥያቄውን ያነሳው ተሸናፊው ዴስሎን ነበር፦ የምናብ ሕክምና የሚፈውስ ከሆነ ለምን አንሠራበትም? ያን ጊዜ መልስ የሰጠው አልነበረም። ማብራሪያው ሐሰት ሆኖ ሲገኝ የታየው ነገርም አብሮ ሐሰት ተባለ። የዛሬው ንግግሬ ፍሬ ነገር ይህ ነው፦ ማብራሪያን ማፍረስና ክስተትን ማፍረስ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ከኮሚሽኑ ሥራ ሌላም የሚታወስ አለ። ለንጉሡ ብቻ በቀረበ ምስጢራዊ ሪፖርት፣ አድራጊዎቹ ወንዶች፣ ታካሚዎቹ ደግሞ በብዛት ሴቶች መሆናቸውን አንስቶ ሥልጣኑ ለብልግና ሊውል እንደሚችል አስጠንቅቋል። እንግዲህ «አፍዝ አደንግዝ» ስንል የምንፈራው ነገር ፓሪስ ላይም ተፈርቶ ነበር።

የወደቀውን ጥያቄ ያነሳው በእንግሊዝ አገር በማንቸስተር ይሠራ የነበረው ስኮትላንዳዊ ቀዶ ሐኪም ጄምስ ብሬይድ ነው። በ1841 የአንድ ፈረንሳዊ ማግኔት አድራጊ ትርኢት የተመለከተው ማታለሉን ለማጋለጥ አስቦ ነበር። የአንዱ ሰው ሽፋሽፍት በእርግጥ አልከፈት ማለቱን ሲያይ ግን ቤቱ ገብቶ ሙከራ ጀመረ። ወዳጁንና ባለቤቱን አንድ ነገር ላይ ትክ ብለው እንዲመለከቱ አደረገ፤ ዓይናቸው ደክሞ ተከደነ። ፈሳሽ አላስፈለገም፤ ጸጥ ያለና የተሰበሰበ ትኩረት በቃ። በ1843 ባሳተመው መጽሐፍ ከግሪክኛው «እንቅልፍ» የወጣውን ስያሜ አስፋፋ። ኋላ ላይ ሁኔታው እንቅልፍ አለመሆኑን ተረድቶ ስሙን ሊለውጠው ቢሞክርም ስሙ አንዴ ጸንቷል።

በዚያው ዘመን በቤንጋል ጄምስ ኤስዴይል የተባለ ሌላ ስኮትላንዳዊ ቀዶ ሐኪም ከ1845 ጀምሮ ታካሚዎቹን በዚህ መንገድ እያፈዘዘ ትላልቅ ቀዶ ሕክምናዎችን አደረገ። የመጀመሪያው ታካሚው እስረኛ ነበር። ታሪክ ጸሐፊ እዚህ ላይ መጠየቅ ያለበት ሕመሙ ቀለለ ወይ የሚለውን ብቻ አይደለም፤ በቅኝ ገዥ ሆስፒታል የተኛ እስረኛ «እምቢ» ለማለት ይችል ነበር ወይ የሚለውንም ጭምር ነው። በ1846 ቦስተን ላይ ኤተር፣ በ1847 ደግሞ ክሎሮፎርም ለማደንዘዣነት ሲውሉ ዘዴው ከቀዶ ሕክምና ክፍል ወጣ።

በምዕተ ዓመቱ መጨረሻ ክርክሩ ወደ ፈረንሳይ ተመለሰ። የፓሪሱ ዣን ማርቲን ሻርኮ ሂፕኖሲስ የነርቭ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ምልክት ነው አለ፤ የናንሲው ሂፖሊት በርንሃይም ደግሞ ጤነኛም ሰው ቢሆን ያለው፣ የቃል ጥቆማን የመቀበል ችሎታ ነው አለ። ዘመን የፈረደው ለበርንሃይም ነው።

ታዲያ ዛሬ ምን ላይ ደርሰናል? የብሪታንያ የሐኪሞች ማኅበር በ1955፣ የአሜሪካው አቻው በ1958 ዘዴው በሠለጠነ ባለሙያ እጅ በሕክምና ውስጥ ቦታ እንዳለው ተቀበሉ። በ1984፣ ልክ ከፓሪሱ ምርመራ 200 ዓመት በኋላ፣ ብሬይድ በሠራባት በማንቸስተር ፒተር ዎርዌልና ባልደረቦቹ የጥናታቸውን ውጤት አወጡ። በሌላ ሕክምና ያልተሻላቸው፣ የሆድ ቁርጠትና መነፋት የሚያሠቃያቸው 30 ሕመምተኞች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ፤ ሂፕኖሲስ ያገኙት በግልጽ የበለጠ ተሻላቸው። ሥራው አስማት አይደለም። ታካሚው ተረጋግቶ ይቀመጣል፤ እጁን ሆዱ ላይ አኑሮ ሙቀት እንዲሰማው፣ አንጀቱን በዝግታ እንደሚፈስ ወንዝ አድርጎ እንዲያስብ በቃል ይመራል፤ ቤቱም ሄዶ ይለማመደዋል። በ1997 የታተመ የአንጎል ምስል ጥናት ደግሞ የሕመምን አስከፊነት የሚቀንስ ጥቆማ ሲሰጥ ከሕመም ስሜት ጋር የተያያዘ የአንጎል ክፍል እንቅስቃሴ አብሮ እንደሚለወጥ አሳይቷል። ምናብ ማለት ውሸት ማለት አለመሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ የለም።

ወሰኑንም ልናገር። ሁሉም ሰው እኩል አይቀበለውም። ዕጢን አያጠፋም፤ ምርመራንና መድኃኒትን አይተካም። የተረሳን ነገር ያስታውሳል ተብሎ ሲሠራበት ሰው ያልሆነውን ሆነ ብሎ በእርግጠኝነት እንዲናገር ሊያደርግ ስለሚችል በፍርድ ቤት የሚያስከትለው አደጋ ቀላል አይደለም።

ወደ ተነሣንበት ልመለስ። «አፍዝ አደንግዝ» የምንለው ነገር ሰውን ከፈቃዱ ይለያል። የሂፕኖሲስ ሕክምና ግን ያለ ታካሚው ፈቃድና ትብብር አይሠራም፤ ልዩነቱ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ ፍርሃታችሁን አትጣሉት፤ ወደ ጥያቄ ለውጡት፦ ይህ ሰው ሠልጥኗል? ምን እንደሚያደርግ አስረድቶኛል? እምቢ ብለው ይቀበለኛል? የወደፊት ሐኪሞቻችንም የ1784ቱን ሊቃውንት ጥንቃቄ ይውረሱ፤ የዴስሎንን ጥያቄ ግን እንደ እነርሱ ሳይመልሱ አይለፉት።