ድብርት፣ ድባቴ፣ ድቀት፦ «ዲፕሬሽን» የሚለው ቃል ልዩ ልዩ ፍቺዎች

«ዲፕሬሽን» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ሥሩ ላቲን ሲሆን፣ ወደ ታች መጫን የሚል ሐሳብን ይይዛል። በመልክዓ ምድር ጥናት ከአካባቢው ዝቅ ያለ ሥፍራን ያመለክታል፤ በከፊል ከባሕር ጠለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ የሚለው በአፋር ክልል የሚገኘው የዳናክል ረባዳ ምድር ለዚህ ምሳሌ ነው። በሜትሮሎጂ ዝቅተኛ የአየር ግፊት ያለበትን አካባቢ ይገልጻል። በኢኮኖሚ ዘርፍ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1929 እንደጀመረው የዓለም ቀውስ ያለ የከፋና የተራዘመ ድቀት ማለት ነው።

በጤና ዘርፍ ቃሉ የአእምሮ ሕመምን የሚያመለክት ሲሆን፣ በአማርኛ «ድባቴ» ወይም «ድብርት» ይባላል። ይሁን እንጂ «ደበረኝ» የሚለው የዕለት ተዕለት አነጋገር መሰላቸትንና ጊዜያዊ መከፋትንም ስለሚገልጽ፣ ሕመሙ ቀላል ስሜት ተደርጎ ሊታለፍ ይችላል። ታማሚው ሰነፍ ወይም እምነቱ የደከመ ተደርጎ የሚታይበት ጊዜም አለ። ድባቴ ግን በሕክምና የሚረዳ ሕመም ነው።

አንድ ሰው ቢያንስ ለሁለት ሳምንታት፣ በአብዛኛው የቀኑ ክፍል፣ በየዕለቱ ለማለት በሚያስችል ሁኔታ የመከፋት ስሜት ካልተለየው ወይም ቀድሞ ደስ ይሰኝበት ለነበረው ነገር ፍላጎት ካጣ፣ ምርመራ ሊያደርግ ይገባል። የእንቅልፍና የምግብ ፍላጎት መለወጥ፣ ድካም፣ ሐሳብን መሰብሰብ አለመቻል፣ ራስን መውቀስ እና ሞትን ማሰብ ተጨማሪ ምልክቶች ናቸው። አንዳንድ ታካሚዎች የሚናገሩት ስለ ራስ ምታት ወይም ስለ ሰውነት መዛል ብቻ በመሆኑ፣ ስሜታቸውንም ለባለሙያ እንዲገልጹ ይመከራል። የደም ማነስና የእንቅርት ዕጢ ሕመም ተመሳሳይ ምልክት ስለሚያሳዩ ምርመራው እነዚህንም ሊያካትት ይችላል።

ተገልጋዮች በቅድሚያ በአቅራቢያቸው ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል መሄድ ይችላሉ። ሕክምናው እንደ ሕመሙ ክብደት የሥነ ልቦና ምክክርን፣ መድኃኒትን ወይም ሁለቱንም ያካትታል። መድኃኒቱ ለውጥ እስኪያሳይ ሳምንታት ሊወስድ ስለሚችል ያለ ሐኪም ትዕዛዝ ማቋረጥ አይገባም፤ ጸሎትም ሆነ ጸበል መድኃኒትን ለማቋረጥ ምክንያት ሊሆን አይገባም።

ራሱን የማጥፋት ሐሳብ የሚገልጽ ሰው ብቻውን ሊተው አይገባም። ጉዳት ሊያደርሱ የሚችሉ ነገሮችን ከእርሱ ማራቅና ሳይዘገዩ ወደ ድንገተኛ ሕክምና ማድረስ ያስፈልጋል።